«ለጥናት ይሆናል»፦ ቤት ውስጥ ስለምንሰማቸው አልበሞች
አንድ ጓደኛችሁን ያዙና «ሰሞኑን ምን እየሰማህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የዘፋኙን ስም ይነግራችኋል። «እንዴት ነው ታዲያ?» ስትሉት ግን መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ «ይመቻል»፣ «አሪፍ ነው»፣ ወይም አሁን አሁን በየዶርሙ እንደ ጉንፋን የተዛመተው «ለጥናት ይሆናል»። መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ተማሪ «እንዴት ነው?» ተብሎ «ለእንቅልፍ ይሆናል» ቢል እናፍርበታለን። ስለ ልብ ወለድ ስንጽፍ ይዘትና ቅርጽ፣ ገጸ ባሕርይና ግጭት እያልን ገጽ እንፈጃለን። ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ምላሳችን ይተሳሰራል። ይህች ጽሑፍ በዚያች በሦስተኛዋ መልስ ተናድጄ የጻፍኳት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን ቅዳሜ ማታ ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የኪራይ ክፍል እንሰበሰባለን። ደንቡ ቀላል ነው። ባለ ተራው ሳምንቱን ቤቱ ሆኖ ሲሰማው የሰነበተውን አንድ አልበም ይዞ ይመጣል። አልበሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዘለል ይሰማል። ካለቀ በኋላ አምጪው ለምን እንደወደደው ያስረዳል። ማስረዳት ያቃተው የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። ማጫወቻችን አንዲት የተሰነጠቀች ስፒከር ናት፤ ቤዙ ከፍ ሲል እንደ ተርብ ትጮኻለች። እሱን ተዉት። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ እንዳይምታታብን።)

ጠቡን የጀመረው የኢኮኖሚክስ ተማሪው ነው። ይዞ የመጣው «ቼ በለው»ን ነበር፤ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጡትን፣ በካይፋ ሬከርድስ የታተመውን። ዋልያስ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። በአልበሙ ውስጥ ፊት ለፊት ቆሞ የሚዘፍን ድምፃዊ የለም። ኦርጋኑ ይመራል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይቀበላሉ፣ ቤዙና ድራሙ መሬቱን ይዘው ይሄዳሉ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ ብቅ ይላል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው፤ ዛሬ አሜሪካ ያሉ ባንዶች ሳይቀሩ የሚጫወቱት ማለት ነው። ሰምተን ጨረስን። «በል አስረዳ» አልነው። ልጁም ያለ አንዳች ኀፍረት፦

«ቃል ስለሌለው ሐሳብ አይሰርቅም። ለጥናት ይሆናል።»

እንዴ! ሰው ሠርግ ቤት ጠርቶህ፣ በልተህ ጠጥተህ ስታበቃ «ጥላው ጥሩ ነው፣ ፀሐይ አይመታም» ትለዋለህ እንዴ?

እስቲ «ቃል የለውም» የሚለውን አቋም እንመርምረው። የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን በጥሞና ላዳመጠ ሰው ነገርየው ተራ ማጀቢያ አይደለም። ጣቶቹ የሚሄዱት ድምፃዊ በሚሄድበት መንገድ ነው። ቃሉ ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ ዘፋኝ ጉሮሮውን የሚያርገበግብበት ቦታ ላይ ያርገበግባሉ፤ ስንኙ ሲያልቅ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ኦርጋን ትንፋሽ አያጥረውም፤ ግን ይወስዳል። ለምን ቢባል፣ የሚጫወተው ሰው በውስጡ እየዘፈነ ነውና። ዘፈኑን ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ሙዚቃ ቃል አልባ አይደለም፤ ዘፋኙ ለጊዜው ፈንጠር ብሎ ቦታውን ለአድማጩ የለቀቀበት ዘፈን ነው። ያን ቅዳሜ ማታ እንኳ ከአምስታችን የሁለታችን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቃሉን ለማያውቅ ግን በእርግጥም «ኢንስትሩመንታል» ነው፤ ለፈረንጁ ኢንስትሩመንታል ነው። ፈረንጁ አያስወቅስም፤ ቋንቋው አይደለም። እኛ «ቃል ስለሌለው» ስንል ግን ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ራሳችን እየመሰከርን ነው። እንግዳ ሆነንበታል ማለት ነው።

ይህን ስናገር ትንሽ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ ጣልቃ ገባች። «አንተ ቃሉን ስለምታውቅ ነው የምትኮራብን። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ያን ዘፈን ማንም ቤታችን ውስጥ ዘፍኖልኝ አያውቅም። ታዲያ ቃሉን ከየት ላምጣው? ልፍጠረው?»

መልስ አልነበረኝም። የኢኮኖሚክስ ተማሪው በዚህች ክፍተት ቡና ከመክፈል አመለጠ።

ጥያቄዋ ግን እሷንም ሳይከነክናት አልቀረም። ለበዓል ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትሄድ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የሠራውን አልበም በስልኳ ጭና ሄደች። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ነው። የዚህ ካሴት ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏልና ባጭሩ ልለፈው። ዋልያስ በ1981 ለሙዚቃ ሥራ አሜሪካ ሄደው ኃይሉን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኃይሉ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 እያፈራረቀ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ ቀረጸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ሆኖ ሠራ። ብራየን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018ና በ2020 አዳዲስ አልበሞች አወጣ።

እኔ በበኩሌ ይህን አልበም ስሰማ አንድ ቅሬታ ነበረኝ። ማሽኑ! ዋልያስን በሰማ ጆሮ ያን ድራም ማሽን መስማት ከባድ ነው። አይደክምም፣ አይቆጣም፣ አኮርዲዮኑ ሲለምነው ዘወር ብሎ አያይም። ከፊቱ የሚያለቅስ ሰው ተቀምጦ ማኅተሙን ብቻ እንደሚመታ ጸሐፊ ነው። ይህን ሂሴን ተናግሬ ተጨብጭቦልኝ ነበር፤ አሁን ግን ግማሹን ልወስደው ነው።

ልጅቷ እንዳጫወተችን፣ ሙዚቃውን ሳሎን ውስጥ ከፍታ ሳህን ታደራርቃለች። እናቷ ማድ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። «ሸሞንሟናዬ» ሲጀምር ቢላዋው ጸጥ አለ። ከዚያ እናትየው ካሉበት ሆነው ከአኮርዲዮኑ ጋር መዝፈን ጀመሩ፤ ከነግጥሙ፣ አንድም ቦታ ሳይስቱ። ልጅቷ ሃያ ዓመት ሙሉ እናቷ ዘፈን እንደሚያውቁ አታውቅም ነበር። «እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብትላቸው «ምኑን? ይሄን እማያውቅ ደሞ አለ እንዴ?» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ልጅቷ ግን አለቀቀቻቸውም። ዘፈኑን ደግማ ከፈተችው፣ ደብተር አውጥታ ቃል በቃል እየጻፈች አስዘፈነቻቸው። ደብተሩን ቅዳሜ ይዛው መጣች። አኮርዲዮኑን ከፍታ ግጥሙን አብራ ስታነብልን፣ ያ ማሽን የምለው ከበሮ ምን እንደሚመስል ታየኝ። ጭብጨባ ነው። ዘፋኟ ምንም ብታዘገይ፣ ሽንኩርት ልትገለብጥ ብትሄድ እንኳ፣ ጠብቆ የሚቀበል ጭብጨባ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሌላው መጥቶ እስኪዘፍን ያዘጋጀው ቦታ ነው። (ደክሞት ማሽኑን የተጠቀመው ገንዘብ ስለሌለው ነው የምትሉኝ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ሊሆን ይችላል። ሰማሁት የምለውን ግን አይለውጠውም።)

ያን ቀን የቡና ሒሳብ ያለ ክርክር ተነሣላት።

የሕግ ተማሪው ደግሞ ሌላ ዓይነት ክስ አለው። «አልበም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቅደም ተከተል ትላላችሁ። አልበም የሚባለው ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የኛ የሆነው?» ይላል። እውነት አለው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 ያን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ሲያቋቁም ያወጣው በአብዛኛው ባለ 45 ዙር ትንሿን ሸክላ ነው። አንድ ዘፈን በፊት፣ አንድ ዘፈን በጀርባ፤ አለቀ። ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሙላቱን፣ ሌሎችንም በዚህ መንገድ ሰማናቸው። አምሃ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሸክላዎች ሲያወጣ ትልልቁ አልበም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ «አልበም» ብለን የምንሰማው ብዙው ነገር ከነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ተለቅሞ በኋላ ዘመን የተሰፋ ነው። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ተመልከቱ። ዘፈኑ የ1975 ነው፤ ዓለም የሚያውቀውን አልበም ግን በ1986 ያወጣው ብራስልስ ያለ ኩባንያ ነው። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይም የተሠራው ባብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው። «እንግዲህ ቅደም ተከተሉን የሠራው ፈረንጅ ከሆነ እኔ ባዘበራርቀው ምን ያረጋል?» ነው የሕግ ተማሪው ነገር።

ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ሥር ነቀል ይመስላል። ግን ትንሿ ሸክላም ቢሆን ፊትና ጀርባ ነበራት። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ መገልበጥ ነበረበት። ያቺ መነሣት ራሷ ውሳኔ ናት፤ ልድገመው? ልገልብጠው? እንግዳው ምን ይላል? አዝማሪውም ቢሆን ምሽቱን በዘፈቀደ አይመራም። ቤቱን አይቶ፣ ባለቤቱን አሙቆ፣ መቼ ትዝታ መቼ ጭፈራ እንደሚል ያውቃል። አልበም የሚለው ቃል ቢመጣም ባይመጣም ተራ የምንለው ነገር ነበረን። አሁን ተራውን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ባለቤቱን አያውቀውም።

ከተራው ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የስሙ ነገር ነው። የድሮ ካሴት ሽፋን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከፎቶው ሥር ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ዛሬ በቴሌግራም የምንዋዋሰው ፋይል ላይ የሚታየው «ትራክ 03» ነው። ማሕሙድን የሰማን ዕለት «ኧረ መላ መላ» ሲያልቅ ማንም «ለጥናት» አላለም፤ ማሕሙድ እንደዚያ ለማለት አያስችልም፣ ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደብተር ይነጥቃል። «ግጥሙ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ግን አምስታችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። ግጥም እናጠናለን የምንለው ሰዎች! አንድ ሶኔት ማን እንደጻፈው ያልመለሰ ተማሪ ፈተና ይወድቃል፤ አባቱንና እናቱን ያፋቀረ ግጥም ማን እንደጻፈው ባያውቅ ግን የሚጠይቀው የለም።

አሁን ወደ መጨረሻው ቅዳሜ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም። የምሽት ክበብ የሄደ ወይ ቶሎ ይመለሳል ወይ እስኪነጋ ተቆልፎበት ያድራል። በዚሁ ጊዜ ሸክላው እየቀረ ካሴት ቦታውን ያዘ። እንዲህ ሲሆን ሙዚቃ ወዴት ይሄዳል? ቤት ይገባል። የዚያን ዘመን አድማጭ ከኛ ይልቅ «የቤት ሰሚ» ነበር፤ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት መነኩሲት ቤታቸው ፒያኖ ፊት ተቀምጠው የካሴት መቅረጫ ከፍተው ይዘፍኑ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ፣ በኋላ ግሸን ማርያም የመነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። በ2006 የፒያኖ ሥራቸው የ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ክፍል ሆኖ ሲወጣ ዓለም አወቃቸው። መጋቢት 2023 ላይ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። እዚህ ግቢ ውስጥ «ለጥናት ይሆናል» ከሚባሉት ሙዚቃዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ወንበር የያዘው የሳቸው ፒያኖ ነው። ጸጥ ያለ፣ የተረጋጋ፣ «ሐሳብ የማይሰርቅ»። እንዲያ ነው የሚባለው።

በ2024 ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሱቬኒርስ» የሚል አልበም አወጣ፤ መታሰቢያዎች እንደ ማለት ነው። እነዚያ የቤት ካሴቶች ናቸው። ይዞት የመጣው፣ ማን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ያው የኢኮኖሚክስ ተማሪው ነው! «የእማሆይ አዲስ አልበም ነው፤ ፒያኖ ነው» ብሎ ከፈተው። እሱም እስከዚያ ድረስ ጆሮውን ሳይሰጥ ሲያስጮኸው ነበር የሰነበተው። ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፤ ሰኞ ፈተና አለበት።

ፒያኖው ጀመረ፤ የምናውቀው ፒያኖ ነው። ከዚያ ሰው ተናገረ። ዘፈነ ማለት ይከብደኛል። እማሆይ የሠለጠነ የዘፋኝ ድምፅ የላቸውም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ከፍ ሲል ይሳሳል፣ አንዳንዴ ፒያኖው ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃቸዋል። እጃቸው የሊቅ እጅ ነው፤ ጉሮሯቸው ግን ቤት ውስጥ ብቻውን እንደሚያንጎራጉር የማንኛውም ሰው ጉሮሮ። በሂስ ሚዛን ይህ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ሰምቼ አልወደድኩትም ብል ግን እዋሻለሁ። ፒያኖው በብዙ ጌጥ ሲሄድ ድምፁ ባዶ እግሩን ይከተለዋል። እጃቸው አውሮፓ የተማረውን ያውቃል፤ አማርኛቸው ግን ማንም አላስተማረውም።

የሚዘፍኑትስ ስለ ምን ነው? ስለ ሰማይ፣ ስለ ደመና፣ ስለ አገር። በአንደኛው ላይ ርቆ የሄደን ሰው ያለህበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና ብለው ይጠይቃሉ። እስቲ አስቡት፤ ይህ የደብዳቤ ጥያቄ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ስልክ አንሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቃት ጥያቄ ናት። «ብርድ ነው እንዴ?» ሌላው ሁሉ የሚከብድ ስለሆነ ስለ አየር ጠባይ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ስንቱ ተሰዶ ስንቱ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ቤት የቀረች ሴት ከመቅረጫ ፊት ተቀምጣ ማንም ሳይሰማት ይህን ትጠይቃለች። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ሆኖ ዘፋኝ የሌለበትን ዘፈን በሚቀርጽበት ዘመን ማለት ነው። ሁለቱ አልበሞች ባይተዋወቁም እኔ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ወድጃለሁ፤ አንደኛው ሄዶ የዘፋኙን ቦታ ባዶ ትቶ ይጠብቃል፣ ሌላኛዋ ቀርታ ትጠይቃለች።

ቀረጻው ንጹሕ አይደለም። ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ይሰማል። የፒያኖው ወንበር ይንቋቋል። የመቅረጫው ቁልፍ በጣት ሲጫን ድው ይላል። ስቱዲዮ ቢሆን ይህ ሁሉ ይታጠብ ነበር። እዚህ ግን ክፍሉ አብሮ ተቀርጿል፤ የኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል ተከፈተ ብል ማጋነን አይሁንብኝ። አከራያችን ግቢ ውስጥ ውኃ ሲቀዱ የባልዲው ድምፅ ከካሴቱ ይሁን ከውጭ ለይተን ማወቅ አቅቶን ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ አልበም አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን ለቤት የተዘፈነ ነው። ወደኛ የደረሰው ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በአሜሪካ በኩል ዞሮ ነው። ያሳተሙትን አመሰግናለሁ፤ ባያሳትሙት አንሰማውም። ግን በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ፣ በየአክስታችን ካሴት ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ያየ ማነው? ካሴት ማጫወቻው ስለተበላሸ ብቻ ስንቱ እየተጣለ ነው። ያቺ ልጅ እናቷን በደብተር እንደቀረጸቻቸው፣ ሌሎቻችንስ ማንን ጠይቀናል?

የኢኮኖሚክስ ተማሪው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደብተሩን ዘጋው። ሲያልቅ ተራው የሱ ነበርና «በል አስረዳ» አልነው። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «ማጥናት አልቻልኩም» አለ። ያ መልስ ነው አይደለም በሚል ተከራከርን። የሕግ ተማሪው «ማስረጃ ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም» አለ። በድምፅ ብልጫ ከመክፈል ነፃ ወጣ፤ እኔም የደገፍኩት ለሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የኔ ነው። ሁዳዴ ስለሚገባ የዓለሙ አጋን በገና ይዤ እሄዳለሁ። አሥሩ አውታር፣ ከሥሩ ያለችው እንዝራ የምትባለው የቆዳ ቁራጭ፣ ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያስገመግመው ድምፅ፤ ስለ መሣሪያው ብዙ ማውራት እችላለሁ። ለምን እንደምወደው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ቆይቼ እስካሁን አልሆነልኝም። የአምስት ሰው ቡና ሒሳብ ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ።